«ወፍ የለም» ሲሉን

የመናፈሻው አስተዳደር በየክረምቱ ቅዳሜ ጠዋት በአስጎብኚ ይካሄድ የነበረውን የወፍ ምልከታ ጉዞ ዘንድሮ ሰርዞታል። (ክረምት ስል የዝናቡን ሳይሆን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ የኩሬው ዳር በረዶ የሚጋገርበትን የብርድ ወቅት ማለቴ ነው።) ምክንያቱን የተጠየቁት ኃላፊ መልስ አጭር ነበር፦ «በብርድ ወፍ የለም። የፈለገ ሰው ስልኩ ላይ የወፍ መለያ አፕ አለለት።»

ወፍ የለም! የአራዳ ቋንቋ ቢሆን ስቀን ባለፍነው። ኃላፊው ግን የምራቸውን ነው።

እርግጥ ነው፣ በራሪ ነፍሳት የሚበሉት ወፎች ቀደም ብለው ወደ ሞቃት አገር ሄደዋል። ታዲያ ከሩቅ ሰሜን፣ ውኃው ሁሉ ድንጋይ ከሆነበት አገር የሚመጡት ዳክዬዎችና ዝይዎች ምን ሊባሉ ነው? ለእነሱ እኮ የእኛ ብርድ ሙቀት ነው! ወንዱ ዳክዬ በበጋ ያረገፈውን ላባ ቀይሮ፣ አምሮበት፣ ሴቷን ለማማለል አንገቱን ሽቅብ እየወረወረ የሚደንሰውም በዚሁ በብርዱ ወራት ነው። በበጋ ቅጠል ውስጥ ድምፁ ብቻ የሚሰማው ግንደ ቆርቁር አሁን ራቁቱን በቀረው ግንድ ላይ ከእነ ጭራው ይታያል። በመራቢያ ወራት እርስ በርስ ሲጣሉ የከረሙት ጥቃቅን ወፎችም ዘር ሳይለዩ በአንድ መንጋ ይዞራሉ፤ አንዷን ያገኘ አሥሩን ያገኛል። ደግሞም ፀሐይ አርፍዳ ስለምትወጣ ወፍ ሳይንጫጫ መነሣት የለም። ከዚህ የተሻለ ለጀማሪ የሚሆን ወቅት ካለ ይንገሩን።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለው የወፍ አጥኚ ባቀረበው ሐሳብ 27 ሰዎች በሰሜን አሜሪካ 25 ቦታዎች ወፍ ቆጠሩ። በገና በዓል ሰሞን ወፍ በመግደል ከመወዳደር በመቁጠር እንወዳደር ብለው ነው። ቆጠራው ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል። ብሪታንያውያንም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በየጓሯቸው የሚቆጥሩት በጥር ነው። በብርድ ወፍ ከሌለ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን ሲቆጥሩ ኖሩ? የራሳቸውን ጣት?

ወደ አፑ ልምጣ፣ ያናደደኝ እሱ ነውና። አፕ አልጠላም፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው መርሊን እኔም ስልክ ላይ አለ። ድምፅ ሰምቶ ስም ይነግርሃል። ነገር ግን በብርድ ወራት አብዛኞቹ ወፎች አይዘምሩም፤ «ጽ» ብለው ዝም ነው። ያቺን «ጽ» ሰምተው ወደ ትክክለኛው ቅርንጫፍ የሚጠቁሙት የእኛ ሽማግሌ አስጎብኚ ነበሩ። «ዛፉን እንደ ሰዓት ፊት ቁጠሩት፤ ወፏ ሁለት ቁጥር ላይ ናት» ይላሉ። «ዓይናችሁን ከወፏ ሳትነቅሉ አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር ወደ ዓይናችሁ አምጡት» ይላሉ። እኔ ይህቺን አንዲት ነገር ሳላውቅ ስንት ዓመት በመነጽር ባዶ ሰማይ ስፈልግ ኖሬአለሁ።

ከሁሉም በላይ አስጎብኚ «በቃ፣ ወደ ኋላ እንመለስ» ይላል። አፕ ይህን ብሎ ያውቃል? ባለጥቁር ቆቧን ቺካዲ የምትባል ትንሽ የሰሜን አሜሪካ ወፍ እንውሰድ፤ ክብደቷ 11 ግራም ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ለቅማ ያጠራቀመችውን ስብ ሌሊት ታነደዋለች፤ እንዳያልቅባትም የሰውነቷን ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጋ ታድራለች። የቀኑ ብርሃን ደግሞ አጭር ነው። እንዲህ ያለችን ፍጥረት ለፎቶ ብለህ አንዴ ስታስበረግግ፣ ሁለቴ ስታስበረግግ፣ የነገ ስንቋን ነው የምታስጥላት። ይባስ ብሎ ወፏ እንድትቀርብለት የተቀዳ ዝማሬ የሚከፍትባት አለ፤ ጠላት ድንበሬን ገባ ብላ ያላትን ጉልበት በስልክ ላይ ትጨርሳለች። ጉዞውን ሰርዞ «አፕ አለላችሁ» ማለት ሠላሳ ሰው ያለ ጠባቂ ወደ ቁጥቋጦው መልቀቅ ነው። አስተዳደሩ ይህን አላሰበበትም። ወይም አስቦበት ግድ አልሰጠውም፤ እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ሰው የማይገባበት መናፈሻ ለማስተዳደር እንዴት ይመች!

መንገዱ ያንሸራትታል ቢሉን ዝም እል ነበር። እውነት ነው፣ ያንሸራትታል። አሸዋ ይበተንበት።

ለመሆኑ ስረዛው ምን አተረፈ? አስጎብኚው በጎ ፈቃደኛ ናቸው፤ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ለጀማሪ የሚያውሷቸውን ትርፍ መነጽሮች እንኳ ይዘው የሚመጡት ከቤታቸው ነው። አስተዳደሩ ለጉዞው ያወጣ የነበረው በሩ ላይ የምትለጠፍ አንዲት ማስታወቂያ ወረቀት ነበረች። እሷም ዘንድሮ አልቀረችም፤ «ተሰርዟል» ተብሎባት ታትማ ተለጥፋለች።