ሂርማታም ስድስት ቀን ጦሙን ያድር ነበር

ባለፈው ሳምንት ከከተማችን የትምህርት ግቢዎች በአንዱ፣ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፣ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከላውንጁ ጀርባ ያለው ሜዳ ታጥሮ የመኪና ማቆሚያና የእንግዳ ማረፊያ ይሆናል ይላል። ማስታወቂያው ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ በጅማ ስንት ማስታወቂያ ተለጥፎ ዝናብ አጥቦታል። ያንገበገበኝ ኃላፊው በስብሰባ ላይ የሰጡት ምክንያት ነው። ሜዳው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ኳስ ይጫወቱበታል፣ የቀረውን ስድስት ቀን ጦሙን ያድራል፣ ስለዚህ ብክነት ነው አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። ማጨብጨብ መቼ ቸግሮን ያውቃል።

ስድስት ቀን ጦሙን ያድራል! ይህን ሌላ ከተማ ቢናገሩት ይቅር እላቸው ነበር። ጅማ ላይ ቆሞ መናገር ግን ድፍረት ነው። ይህች ከተማ ከየት የመጣች ይመስላቸዋል? የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ዛሬም እዚያው አለ። ከተማው የበቀለው ግን ጅሬን አይደለም፣ ታች ሂርማታ ነው። ሂርማታ ደግሞ ገበያ ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም። የነጋዴው ቅፍለት ከሩቅ አገር በቅሎውን ጭኖ፣ ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣው ለዚያች አንድ ቀን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጅማን ያጠና አንድ የአንትሮፖሎጂ ምሁር፣ በበጋ ደህና ገበያ በሚውልበት ቀን እስከ 30,000 ሰው ይመጣ እንደነበር፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም የሚተካከለው እንዳልነበረ ጽፎ አልፏል።

እና ከዓርብ እስከ ረቡዕስ? በኃላፊው ሒሳብ ጦሙን ያድር ነበር። ከብት ያልፍበታል፣ ልጅ ይሯሯጥበታል፣ በቃ። ከአባ ጅፋር አማካሪዎች አንዱ ተነስቶ፣ ጌታዬ ይህ መሬት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነውና የሚሠራው፣ አጥረን እንግዳ ማረፊያ እንሥራበት ቢልና ንጉሡም እሺ ቢሉት፣ ዛሬ ኃላፊው የሚቀመጡበት ወንበር ባልኖረ። ከተማውም ባልኖረ። ሐሙስን ሐሙስ ያደረጋት የስድስቱ ቀን ባዶነት እኮ ነው! ነጋዴው ከየትም ቢመጣ ሸክሙን የሚያራግፍበት፣ በቅሎውን የሚያስርበት ክፍት ቦታ እንዳለ ያውቃል። ስድስቱን ቀን በሱቅ ሙላው፣ ገበያው አስፋልት ላይ ይወጣልሃል። ከዚያ ደንብ አስከባሪ ቀጥረህ ስታባርር ትኖራለህ። ይህን ያላየ የጅማ ሰው አለ?

ሜዳውም እንዲሁ ነው። ደግሞ ባዶ ነው ያለውስ ማን ነው? እኔ እዚያ ሰፈር ነው የምኖረው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጤዛው ሳይረግፍ የሚሮጡ አሉ። ማታ ማታ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ ሜዳውን የሚዞር ፍሬሽማን አለ፤ ዶርም ውስጥ በሰው መካከል ለእናቱ ናፍቀሽኛል ማለት አፍሮ ነው። በፈተና ሰሞን ዳር ዳሩን ሃንድአውት ዘርግተው የሚያነቡ አሉ። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው የካልሲ ኳስ የሚያንከባልሉ የሰፈር ልጆችም አሉ፤ ጥበቃው ያባርራቸዋል፣ ሲደክመው ዳኛ ይሆንላቸዋል። ከእነዚህ አንዱም ደረሰኝ አይቆርጥም፣ መዝገብ አይፈርምም። በሪፖርት ያልገባ ሁሉ የለም ከተባለ፣ እኔም የለሁም።

ስታዲየም አለን አይደል ወይ የሚሉም አሉ። አለን! በ2010 ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከጮኹት አንዱ ነኝ፤ በ2013 ሊጉ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሲመጣም ኮርቻለሁ። ግን ስታዲየም ሳሎን ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። የምንኖረው ጓዳ ውስጥ ነው። ለማየት ሌላ ቦታ፣ ለመጫወት ሌላ ቦታ መሆኑን ለማስረዳት ስብሰባ መጥራት አለብኝ?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ጅማ ላይ መሆኑ ነው። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚባለውን ነገር አገሪቱ ያወቀችው ከዚሁ ከተማ፣ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ነው፤ በ1992 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑም ትልቁ መኩሪያቸው እሱ ነበር። ተማሪ ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲኖር ብለን አጋሮ ድረስ በአውቶብስ እንልካለን። ኅብረተሰቡ በራሱ እግር፣ በአጥር ቀዳዳ፣ የካልሲ ኳስ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ቀዳዳውን በቆርቆሮ እንደፍናለን።

መኪና ያላቸው መምህራን ክረምት ክረምት ጭቃ እንደሚያስቸግራቸው አልክድም። በበሩ ግራና ቀኝ ጠጠር ይደፋላቸው፣ ይበቃል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ያን ሁሉ ውሃ ሣሩ ሲጠጣው ኖሯል፤ ሲሚንቶው ግን አይጠጣም፣ ቁልቁል ወደ አዌቱ ወንዝ ይለቀዋል። ወንዙ ዳር ቤት ያላቸውን ግን ስብሰባው ላይ የጠራቸው የለም።

ጉዳዩ የሚጸድቀው በመጪው ሐሙስ ጠዋት ነው ተብሏል። ኃላፊው ወደ አዳራሹ ሲመጡ በጅማው መርካቶ፣ በገበያው በኩል ቢያልፉ ደስ ይለኛል። መኪናቸው ለምን እንደቆመ ሾፌራቸው ይነግራቸዋል።