«ሁለት ዓመት» ስንት ወር ነው?

የቁልቢ ገብርኤል ማግስት ነበር። በዚያ ሰሞን ድሬዳዋ ውስጥ እንግዳ ያላደረበት ቤት አይገኝም፤ እኛም ጋ ፍራሽ ያልተነጠፈበት ጥግ አልነበረም። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያችን ከኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተዘርግቶ ቡና ተፈላ። አምስት ነበርን። ጎረቤታችን 14 ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። አንዷ ዘመዳችን በአንድ መሥሪያ ቤት የደሞዝ ሂሳብ ትሠራለች። አባባ ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አራተኛዋ ክርክሩን ይዛብን የመጣችው ልጅ ናት፤ አምስተኛው እኔ ነኝ።

ልጅቷ ድሬ ተወልዳ በ9 ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ካናዳ ሄደች። እዚያው አድጋ፣ እዚያው ዲግሪዋን ይዛ፣ «ከአያቴ ጋር ትንሽ ልኑር» ብላ ተመለሰች። ከዚያ ሁለት ዓመት እዚሁ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማረች። አሁን ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህራን በሚቀጥርበት ፕሮግራም አመልክታ ተቀባይነት አግኝታለች። ሥራው የሚጀምረው በየካቲት ነው። ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አውጥታ ምንጣፉ ላይ ዘረጋች፤ አንዱ የደሞዝ ሠንጠረዥ፣ ሌላው ከአንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቢሮ የመጣላት መልስ ነው።

«ደረጃ 2 ላይ አስቀምጠውኛል» አለች። «እኔ ግን ደረጃ 1 ይገባኛል።»

አባባ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ ከሁለት ወደ አንድ ምን ያወርድሻል?»

እዚህ ላይ ቡናው ትንሽ ቆየ፤ ሠንጠረዡን ማስረዳቱ ጊዜ ወሰደ። ኢፒክ የሚባለው ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1995 ነው የተጀመረው። ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ 3፣ 2፣ 2+፣ 1 እና 1+ ተብለው ይታወቃሉ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ደሞዙ ይጨምራል። ዲግሪ ብቻ ያለው ከታች ይጀምራል። ቢያንስ የ100 ሰዓት ቴፍል የሚሉትን የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሥልጠና የወሰደ ወይም በትምህርት ሙያ የተመረቀ 2 ላይ ይገባል። ከዚያ በላይ የሚያስወጣው የማስተማር ልምድ ነው፤ ለደረጃ 1 ደግሞ 2 ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድ ይጠየቃል። ጫፍ ላይ ያለችውን የመደመር ምልክት ለማግኘት እዚያው በአንድ ቢሮ ሥር ሳያቋርጡ መቆየት ያስፈልጋል። ልጅቷ የ120 ሰዓት ቴፍል አላት። ሁለት ዓመትም አስተምራለች። በእሷ ቤት ነገሩ ያለቀ ነበር።

ሂሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሁለት ዓመት ይላል» አለች። «የትኛው ሁለት ዓመት?»

«እንዴት የትኛው?» አለ መምህሩ።

«ዓመት 12 ወር ነው። እሷ ያስተማረችው ከመስከረም እስከ ሰኔ፣ እንደገና ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። ክረምቱን ስታወጣው 20 ወር ነው። እኔ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ይህን መጠየቄ አይቀርም።»

መምህሩ ሲኒውን አስቀመጠ። «የትምህርት ዘመን ዓመት ነው! በዓለም ላይ የትኛው ትምህርት ቤት ነው 12 ወር ሙሉ የሚያስተምረው? የኮሪያዎቹ ራሳቸው ክረምትና በጋ ሲዘጉ መምህሩን ከዓመቱ ይቀንሱታል? መምህር በክረምት መምህርነቱ ይቀራል እንዴ?»

«እኔ አይቀርም እላለሁ። ወረቀቱ ግን ዝም ብሏል። ወረቀት ዝም ሲል የሚናገረው ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ነው።»

ልጅቷ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ስታወጣ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ተቀብዬ በቅርብ አየሁት። ግማሽ ገጽ ነው። «ከ2016 እስከ 2017 በእንግሊዝኛ መምህርነት በመልካም ሥነ ምግባር አገልግላለች» ይላል፤ ትርጉሙም ከሥር ቃል በቃል ሰፍሯል። ቀን የለውም፤ ወርም የለውም። «የሙሉ ጊዜ» የሚል ቃል አይገኝበትም። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ክብ ማህተም ደግሞ ልክ ዓመተ ምሕረቱ ላይ አርፎ «2017» የሚለውን ግማሹን ውጦታል።

«ይህን ነው የላክሽላቸው?» አለቻት ሂሳብ ሠራተኛዋ በቀስታ።

«አዎ።»

«እነሱ እኮ 2016ን በራሳቸው አቆጣጠር ነው የሚያነቡት። ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

ልጅቷ አሰበችና ፊቷ ተለወጠ። «18። ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት ዓመት ነው።»

ሁላችንም ዝም አልን። ያ ቢሮ ወረቀቱን ሲያይ ያየው፣ ካናዳ ዩኒቨርሲቲ ገና ስትገባ ድሬዳዋ ላይ ያስተማረች ልጅ ነው። ባያምናት እንዴት ይፈረድበታል? እሷስ፣ የሠራችው ሥራ በ7 ዓመት ከ8 ወር የአቆጣጠር ልዩነት ሲጠፋባት ምን ትበል?

መምህሩ እዚህ ላይ ነበር የሆዱን ያወጣው። ሲጠብቅ የቆየ ይመስለኛል። «እሷስ ወረቀቷ ቢስተካከል ቦታዋን ታገኛለች። እኔ 14 ዓመት አስተምሬ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ስሜ የሚጻፍበት መስመር የለም።» እውነቱን ነው። ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ቪዛ ለ7 አገር ዜጎች የተተወ ነው፤ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ፕሮግራሙ በዚያ ላይ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእነዚያ አገሮች መማርንና ቢያንስ 10 ዓመት መኖርን ይጠይቃል። «በሳምንት 27 ክፍለ ጊዜ እገባለሁ፤ አንዱ ክፍሌ 63 ተማሪ አለው። እዚያ ያለው ግዴታ 22 ነው። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ በእንግሊዝኛ ሕክምና እየተማሩ ነው። ግን ቋንቋውን ከእናቴ ስላልሰማሁት መምህር አይደለሁም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«አንቺን አይደለም፣ የኔ ልጅ። አንቺማ እዚህ መጥተሽ በእኛ ደሞዝ አስተምረሻል።»

ሂሳብ ሠራተኛዋ ግን አልለቀቀችውም። «ያንተ ጥያቄ የበሩ ነው፤ የእሷ ጥያቄ በሩን ካለፉ በኋላ ያለው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካነሳን የእሷን ሳንጨርስ ይመሻል።» ትንሽ አስቀየመው፤ ቢሆንም ዝም አለ።

አባባ በዚህ መሃል ነው የጥንቱን ያነሱት። በ1955 የትምህርት ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን ወደ አገራችን ሲገቡ እሳቸው ተማሪ ነበሩ። ሕንዳውያን መምህራንም ነበሩ፤ ሂሳብና ሳይንስ በእነሱ ነው የተማሩት። «አንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ አበሻው፣ ሕንዱና አሜሪካዊው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ» አሉ። «ማን ስንት እንደሚያገኝ አንዱ የሌላውን አያውቅም። አሜሪካኖቹ መተዳደሪያ ብቻ እንጂ ደሞዝ የላቸውም ነበር፤ ይህን የሰማሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ከተማው ሁሉ ገንዘብ በማዳበሪያ የሚሰፈርላቸው ይመስለው ነበር። የእኛ መምህር ደግሞ ያንን እያሰበ ያኮርፋል። ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ማኩረፉ በቀረ።»

ልጅቷ ጃፓን የምታስተምር ጓደኛ አለቻት። እዚያ ጄት የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ለብዙ ዓመት የሠራበት ሠንጠረዥ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነው፤ በዓመት 3.36 ሚሊዮን የን ለመጀመሪያው፣ 3.6 ለሁለተኛው፣ 3.9 ለሦስተኛው፣ 3.96 ለአራተኛውና ለአምስተኛው ዓመት። ዲግሪህ ምንም ይሁን፣ የሚቆጠረው እዚያ የቆየህበት ዓመት ነው። «ጓደኛዬ ደሞዟን ከመሄዷ በፊት ታውቅ ነበር» አለች።

«ፍትሐዊ ግን አይደለም» አለ መምህሩ ወዲያው። «10 ዓመት ያስተማረና ትናንት የተመረቀ እኩል ይጀምራሉ።»

«ግልጽ ነው» አለች ሂሳብ ሠራተኛዋ።

«ግልጽ መሆን ብቻውን ፍትሕ አይሆንም።»

«ያልገባህን ደሞዝ ፍትሐዊ ነው አይደለም ማለትም አትችልም።»

ይህን ተባብለው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ያን ጊዜ አልመለስኩም፤ ሌሊት ስገላበጥበት ነው ያደርኩት።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ልምድን መቁጠሩ ትክክል ነው፤ በዚህ መምህሩ ያሸንፋል። 40 ልጆች ፊት ሁለት ዓመት የቆመች ሰው ዛሬ ከተመረቀ ጋር እኩል ልትጀምር አይገባም። ልምድን እከፍላለሁ የሚል ሠንጠረዥ ግን ልምድ እንዴት እንደሚለካ እዚያው መጻፍ አለበት፤ ዓመቱ የትምህርት ዘመን ነው ወይስ 12 ወር፣ ክረምት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ ማስረጃው ምን ምን ይያዝ። ያ ሳይጻፍ ሲቀር ደሞዙን የሚወስነው ፋይሉን የከፈተው ሰው ይሆናል፤ ጉዳቱም በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ቶሮንቶ ወይም ለንደን ያስተማረ ሰው ደብዳቤ ቀኑ፣ ወሩና ሰዓቱ ተሟልቶ፣ እነሱ በሚቆጥሩበት አቆጣጠር ይመጣል። ከድሬ የሚሄደው ደብዳቤ «በመልካም ሥነ ምግባር» ብሎ ያበቃል። ስለዚህ የእኛ አገር ልምድ ከሌላው ያነሰ ሳይሆን አንሶ ይታያል። ይህ ያበሳጨኛል፤ በኮሪያዎቹ ብቻ አይደለም፣ ቀን የሌለው ደብዳቤ ጽፎ ማህተሙን ዓመተ ምሕረቱ ላይ በሚያሳርፍ የራሳችን ቢሮም ጭምር።

ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሳሳይ ፕሮግራም ስትጀምር የውጭ መምህራኑን ከአገሩ መምህራን ጋር በአንድ የደሞዝ ስኬል ላይ አስቀምጣ፣ ከአገር ርቀው ስለመጡ የሚገባቸውን አበል ለብቻው ለይታ ከፈለች። እኔ ይህን ነው የምመርጠው። ጎን ለጎን የሚያስተምሩት ሁለቱ መምህራን አንዱን ሠንጠረዥ ያነባሉ፤ ልዩነቱም ስም አለው። የአባባ የመምህራን ክፍል ያጣው ይህን ነበር። ኮሪያ ውስጥ ግን የአገሩ መምህር በየዓመቱ በሚጨምር እርከን ይሄዳል፤ የውጭው አብሮት እዚያው ክፍል ገብቶ በሌላ ሠንጠረዥ ይከፈለዋል።

የመምህራችንን ቁጭት በተመለከተ ደግሞ፣ ሂሳብ ሠራተኛዋ «የበሩ ጥያቄ ነው» ብላ ያለፈችው ልክ አልመሰለኝም። በሩን የሚዘጋውም፣ ደረጃውን የሚያዛባውም ያው ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ ነው። ማስተማር ሙያ ከሆነ የሚመዘነው ክፍል ውስጥ ነው።

ለልጅቷ ግን የሚጠቅማት ሂሳብ ሠራተኛዋ ያለቻት ነው። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የጠየቀቻት አንድ ነገር ነበር። «የሐምሌና የነሐሴ ደሞዝ ተከፍሎሻል?»

«ሁለቱንም ክረምት።»

«ውል የፈረምሽው መቼ ነው?»

ስልኳ ውስጥ ፎቶ ነበር፤ ነሐሴ 24 ቀን 2015። ደሞዟን እስከ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ተቀብላለች። ሂሳብ ሠራተኛዋ በጣቷ ቆጠረች፤ በፈረንጆቹ ከኦገስት 30 ቀን 2023 እስከ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2025 ነው። «ሁለት ዓመት ከ7 ቀን። የሥራ ውልሽ አንድም ቀን አልተቋረጠም። ደብዳቤው ይህን ይበል፣ ፔሮሉም አብሮ ይሂድ። ክረምት ይቆጠር እንደሆነም በጽሑፍ ጠይቂያቸው። መልሱ ሳይመጣ ውሉን እንዳትፈርሚ።»

በማግስቱ ጠዋት መምህሩ ራሱ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜው በፊት በባጃጅ ይዟት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ጸሐፊዋ ፋይሉን ፈልጋ እስክታገኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ደብዳቤው እንደገና ተተየበ፤ ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ገቡ፣ «የሙሉ ጊዜ» የሚለው ገባ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ታስተምር እንደነበረም ገባ። ጸሐፊዋ ማህተሙን አንስታ እንደለመደችው ወደ መሃል ስታመጣው መምህሩ «ቆይ፣ እህቴ» አለና ቀኑን በመዳፉ ሸፈነው፤ በሌላ እጁም ከፊርማው ጎን ያለውን ባዶ ቦታ አሳያት።