ለማንም እንዳትናገር

የአዲስ አበባ ሰው ብልጠት በወጉ ሳይወደስ መቅረቱ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሐውልት ባይቆምለት እንኳ አንድ ሻማ ሊበራለት ይገባ ነበር። ምስክሬ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ሰኞ ማለዳ፣ የታክሲ ሾፌሮች ጥፋትን በነጥብ እየቆጠረ መንጃ ፈቃድ የሚያሳጣውን የትራፊክ ደንብ ተቃውመው ሚኒባሶቻቸውን ያቆሙ ዕለት። ቀላል ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በሁለት፣ በአራት ወይም በስድስት ብር። ሌላ ሕዝብ ቢሆን አጠገቡ ወዳለው ጣቢያ ሄዶ ይሰለፍ ነበር። ሞኝ!

የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ተራ ነገር አይመጥነውም። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ መገናኛ ላይ ሹክሹክታው ተጀመረ፦ «እዚህ አይሞከርም። ጉርድ ሾላ ሂድ፣ ባዶ ነው። ለማንም እንዳትናገር።» ጉርድ ሾላ የቆመውም በበኩሉ ምስጢር ደርሶታል፦ «መገናኛ ሂድ፤ እዚያ ብዙ ሰው ስለሚወርድ ቦታ ይለቀቃል።» (ስሌቱን ልብ በሉ። መሐንዲስ የደከመበት ይመስላል።)

ሁለቱ ጭፍሮች መንገድ ላይ ተገናኙ። ደግነቱ ጨዋ ሕዝብ ነን፤ ማንም ምስጢር አላወጣም። እኔም ከቀድሞ ጎረቤቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምሁ። ከረባት አስረዋል፤ ላቡ በአንገታቸው ይወርዳል።

«እንዴት አደሩ ጋሼ? ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዲያው እግሬን ላፍታታ ብዬ። አንተስ?»

«እኔም እንዲያው ነው።»

ሁለታችንም እግራችንን ልናፍታታ የሥራ ቦርሳ አንጠልጥለን ወጥተናል። ተሰነባበትንና ጋሼ ሀዲዱን ከመንገዱ በሚለየው አጥር ላይ አንድ እግራቸውን ሰቀሉ፤ መሻገሪያው ሩቅ ነዋ። ማፍታታት ማለት ይኸው ነው።

ዘውድ የሚገባው ግን ወደ ኋላ ለሚሳፈረው ነው። ቤቱ ሲኤምሲ፣ ሥራው ስታዲየም የሆነ ሰው ፊቱን ወደ አያት አዙሮ ይሳፈራል። ሁለት ብር ከፍሎ መነሻው ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ መስኮት ዳር እንደተቀመጠ በገዛ ሰፈሩ በኩል ተመልሶ ያልፋል። ጣቢያው ላይ እግር በእግር ተረጋግጠው የቆሙ ጎረቤቶቹን በመስታወት ሲያያቸው ልቡ የሚሞላው ደስታ፣ ምንም ቢከፈልበት ርካሽ ነው።

እኔስ ምን አነሰኝ? የጉርድ ሾላ ሰልፍ አስፋልት ነክቶ ሳገኘው «መፍትሔው አያት ነው» የሚል ትኩስ ምስጢር ጆሮዬ ገባ። ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። ፊቴን ወደ አያት አዞርሁ፤ በእግሬ። ስደርስ ካልሲዬ ከተረከዜ ጋር ተጣብቋል፣ ሰዓቱም ፈርሜ ሻይ የማዝበት ሆኗል። ቢሆንም መነሻ ጣቢያ ነኝ፤ የሚመጣው ባቡር ባዶ ነው።

መጣ። በሩ ተከፈተ። አንድም ሰው አልወረደም። ከመገናኛ፣ ከጉርድ ሾላ፣ ከሲኤምሲ ወደ ኋላ የተሳፈረው ሁሉ መቀመጫውን እንደያዘ ፊት ለፊት ያያል። በሦስተኛው መስኮት ጋሼ ከረባታቸውን አስተካከሉና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ። እግራቸውን አፍታትተው ተቀምጠዋል።