ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ሜኑ

ለ፦ ክቡር ሜኑ
ጠረጴዛ ላይ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴን በመያዣነት ስለማስቀረትዎ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እኔና ባለቤቴ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ሳያውቁን አይቀሩም። ቅዳሜ ማታ የጅማን ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች ተራ በተራ የምንቀምሰው ባልና ሚስት ነን። አንዱን ሳምንት መርካቶ፣ አንዱን ፈረንጅ አራዳ፣ አንዱን አጂፕ፤ ደሞዝ የወጣ ሰሞን ደግሞ ሊፍት ያለው ሆቴል። ባለቤቴ ደብተር ይዛ ለየቤቱ ማርክ ትሰጣለች። አስተማሪ ናት፤ ከአሥር ሰባት ያገኘ ቤት ራሱን እንደ ሰቃይ ይቁጠር።

ባለፈው ቅዳሜ ያገኘንዎት አዲስ በተከፈተ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ የሚበራ የሚጠፋ ባለቀለም መብራት አለው። ተቀመጥን። አስተናጋጁ እርስዎን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ሽፋንዎ ቆዳ መሳይ፣ ጠርዝዎ ወርቅማ፣ ገጽዎ ሁሉ ላስቲክ የለበሰ። ክብደትዎን ሳየው የቤት ካርታ የተሰጠን ነው የመሰለኝ። የቁርስ ገጽ አለዎት። የጾም፣ የፍስክ፣ የዓሣ፣ የፓስታ፣ የፒዛ፣ የበርገር ገጽ አለዎት። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተጽፈዋል። ምግቡ በሁለቱም ቋንቋ እንደሌለ ያወቅነው ቆይተን ነው።

«ምን አለ?» አልኩት ልጁን። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም።

«ሁሉም አለ።»

«እዚህ የተጻፈው ሁሉ?»

«ሁሉም።»

ባለቤቴ ዓሣ ጉላሽ አዘዘች። እኔ ላዛኛ። ልጁ ጻፈና ሄደ። ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው ኳስ ለእረፍት ሲወጣ ተመልሶ መጣ።

«ዓሣ አልቋል።»

ስለ ላዛኛው ትንፍሽ አላለም። ባለቤቴ ወደ ሩዝ በአትክልት ዞረች። ጻፈና ሄደ። እንደገና መጣ።

«ላዛኛ የሚሠራው ልጅ ዛሬ አልገባም።»

«ሩዙስ?»

«ሩዙን ልጠይቅ።»

ሄደ። ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው ሦስቴ ተመላልሶ የሚያመጣውን መርዶ አንዴ ጠቅልሎ ቢያመጣው ምን ይጎድልበታል? ሩዙም የለም። ፒዛ አልን፤ መብራት ስለሌለ ኦቨኑ አይሠራም። ክለብ ሳንድዊች አልን፤ ዳቦ አልመጣም። በመጨረሻ ባለቤቴ እርስዎን ከደነችና በትምህርት ቤት ድምጿ «ልጄ፣ ያለውን አንተ ንገረኝ» አለችው።

«ጥብስና ፍርፍር።»

ሁሉም አለ ማለት ለካ ይኸው ነው።

ጥብሱን በላን። አይከፋም። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቡና አማረን። የመጠጥ ገጽዎ ላይ ስንት ዓይነት ቡና ተደርድሯል፤ ማኪያቶው፣ ካፑቺኖው፣ በወተቱ፣ በማሩ። «ማሽኑ መብራት ይፈልጋል» ተባልን። ጄኔሬተሩስ? «ማሽኑን አይችለውም።» በሩ ላይ የሚበራ የሚጠፋውን መብራትና ቴሌቪዥኑን ግን ችሏል። የጀበናስ? «የምታፈላው ልጅ ወጥታለች።»

እንግዲህ ይህ ጅማ ነው። ወደ አጋሮ ቢሄዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያው ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ የሚባል ቦታ አለ፤ ቡና የተገኘው እኛ ጋ ነው ይላሉ። በቦንጋ በኩል ቢሄዱ ከፋዎች የለም እኛ ጋ ነው ይላሉ። ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት ግን ጅማ ላይ ነው። እኛ መገናኛው ላይ ቁጭ ብለን ቡና የለም ተባልን። መብራቱንም ካነሳን፣ ግልገል ጊቤ አንድ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተብሎ የተሠራ። ለአንዲት ማኪያቶ የሚሆን አልተረፈውም።

ከዚያ ሒሳብ መጣ።

ጥብሱ እርስዎ ላይ አንድ ዋጋ፣ ደረሰኙ ላይ ሌላ ዋጋ። ልጁን ጠራሁት። «ሜኑው የድሮ ነው» አለኝ። አዲስ ቤት ውስጥ የድሮ ሜኑ! ቤቱ ሳይከፈት ነው እንግዲህ ያረጁት። ከሥሩ ሰርቪስ 10 በመቶ፣ ከእሱ ሥር ቫት 15 በመቶ። ለካ በመጨረሻው ገጽዎ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ያለ መነጽር በማይነበብ ፊደል፣ ዋጋው ሁለቱን አይጨምርም ይላል። ቫቱ ላይ ጠብ የለኝም፤ ግብር ነው። ግን ባለቤቴ ሶፍት ላይ ጽፋ አሳየችኝ። እርስዎ 100 ብር ያሉት ነገር መጀመሪያ በሰርቪሱ 110 ይሆናል። ቫቱ የሚታሰበው በ110ሩ ላይ ነው። 126 ብር ከ50። ከዋጋዎ ሩብ የሚበልጠውን ደብቀው ነው ፈገግ የሚሉብን።

የያዝኩት ጥሬ ብር በእርስዎ ዋጋ የተሰላ ነበር። ለልጁ ቲፕም ጨምሬበት። አልበቃም። በስልክ ልክፈል አልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ስልኬን ወደ ላይ ዘርግቼ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ እዚያም የለም። ባንኮኒው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ አዳራሹ እስኪሰማ እንዲህ አለኝ።

«እሷ ትቆይ። አንተ ሄደህ አምጣ።»

ሁለት ጠረጴዛ አልፎ የተቀመጡት የባለቤቴ ተማሪዎች ናቸው።

ዝናቡን አልነግርዎትም፤ የጅማ ዝናብ ነው። ባጃጅ ያዝኩ። የመጀመሪያው ኤቲኤም ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም ይላል። ሁለተኛው ጋ ሰልፍ አለ። ያንን ሰልፍ አንባቢ ያውቀዋል፤ ከፊት ያለው ሰውዬ ካርዱን አስገብቶ ያወጣል፣ ጠርጎ ያስገባል፣ ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ይጠይቃል። ብሩን ይዤ ስመለስ ከላይ እስከ ታች ርሻለሁ። ጠረጴዛው ተጠርጓል። የእኔን ወንበር ለሌላ ሰው ወስደውታል። ባለቤቴ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። አንዱ ተማሪ መጥቶ «ቲቸር፣ እኛ እንክፈል?» ብሏት ነበር። ከካፌ ምግብ አምልጦ፣ ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ አንድ ፍርፍር ለሦስት የሚበላ ልጅ።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር።

አንተ ሜኑ! ሚስቴ የጠርሙስ ማስያዣ አይደለችም። የሰው ገንዘብ ይዛ አልጠፋችም። ያዘዘችውን አላገኘችም፣ ያላዘዘችውን በላች፣ አመስግና ልትወጣ ነበር። የጎደለው ብር የጎደለው አንተ ስለዋሸህ ነው። ውሸቱን የጻፈው ሰውዬ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ እኛን እንደ አጭበርባሪ አየን። ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ የሚል አዋጅ እኮ አለ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006። ያ ግልጽ የተባለው ዋጋ አንተ ነህ! «የድሮ ነው» ብሎ ነገር ምንድን ነው? የድሮ ከሆንክ ለምን ትመጣለህ? ዋጋ ለመጨመር ሲሆን ማተሚያ ቤቱ ሩቅ ነው፤ ሴት ልጅ ሰው ፊት ለማዋረድ ሲሆን ግን ባንኮኒው ቅርብ ነው።

አስተናጋጁ ላይ አልፈርድም። «ሁሉም አለ» በል ተብሎ የተላከ ልጅ ነው። ሰርቪሱ ይደርስሃል ወይ ብዬ ስጠይቀው ወደ ባንኮኒው አየና «ቀስ በል» አለኝ። እርጥብ ብሬን ቆጥሬ ከፈልኩ።

እንግዲህ ከተጣላን ላይቀር የከረመውንም ላውጣው። እዚህ ጅማ ውስጥ ብዙ ወንድምና እህት አለህ። ዋጋው ላይ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበትን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ በጥፍሯ እየላጠች እስከ ጥንቱ ዋጋ ወርዳ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ባለነጠብጣብ ኮድ የሆነውንም አውቀዋለሁ፤ ኔትወርክ ካለ ይነበባል። ሐሙስ ቀን «ጾም ነው ብለን አልሠራንም» የተባልንበት ቤትም አለ። በአገሩ ጾም አልነበረም።

የቡና ቤቶቹ ዘመድህ ደግሞ ይብሳል። ኮክቴል የሚባል ገጽ አለው። የአገሩ ሰው የማይጠራው ስም ሁሉ ተደርድሮበታል። ባለቤቴ አንድ ቀን ደፈር ብላ ጠየቀች። «ቢራና አምቦ ውሃ ነው ያለው» ተባለች። የማር አገር ነውና ጠጅስ ስንል ሳቁብን። እሺ ቢራ ብለን ጀመርን። ባንዱ ከመጀመሩ በፊት የጠጣነው በአንድ ዋጋ፣ ዘፋኙ «ሄሎ ሄሎ» ብሎ ማይክ ከሞከረ በኋላ የጠጣነው በሌላ ዋጋ ተቆጠረ። ያው ቢራ ነው፤ ከዚያው ሳጥን። መቼ ነው የተቀየረው ብለን ብንጠይቅ «ሙዚቃ ሲጀምር» አሉን። ዘፋኙ ግን ያን ሁሉ ሰዓት ማይክ ሲሞክር ነው ያመሸው። ዘፈን አልዘፈነም። ለሙከራ ነው የከፈልነው።

ፎቶህን ሳልረሳ። ያ በርገር ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም።

አሁን ልንገርህ፣ በባለቤቴ ደብተር ከፍተኛውን ማርክ የያዘው ቤት አንተ የሌለህበት ነው። ሄርማታ ገበያ አካባቢ ያለች፣ በሯ ላይ ጨርቅ የተሰቀለባት ትንሽ ቤት። እናትየዋ ገና ሳንቀመጥ «ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ቀይ ወጥ ለሁለት ሰው የሚሆን ቀርቷል፤ ሌላ የለም ልጆቼ» አለችን። ዋጋውን ሳንጠይቃት ነገረችን። ቀይ ወጡ በእርግጥም ለሁለት ሰው ሆነ። ሥጋ ቤቶቹም እንደዚያው ናቸው፤ ሥጋው ተሰቅሏል፣ የኪሎው ዋጋ ተጽፏል፣ በጣትህ ታሳያለህ፣ ያሳየኸው ተጠብሶ ይመጣል። ሥጋው ሲያልቅ ማንጠልጠያው ባዶ ይሆናል። ባዶ ማንጠልጠያ አይዋሽም።

ሄርማታ ደግሞ የትናንት ገበያ አይደለም። በአባ ጅፋር ዘመን ሲራራው ነጋዴ ከየአቅጣጫው ቡናና ማሩን፣ ጨውና ጨርቁን ይዞ የሚገናኝበት ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያለ አንተ ተገበያይቷል። አስቀድሞ ዋጋውን ተነጋግሮ፣ እቃውን ዓይቶ። የላስቲክ ሽፋን አልነበረውም።

የምንጠይቅህ ብዙ አይደለም። ያለህን ጻፍ፣ የሌለህን ሰርዝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ቢሆን አንጠላም፤ ባለቤቴ እንዲያውም ጠመኔውን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ ብላለች። የምንከፍለውን የመጨረሻውን ዋጋ ጻፍ፤ መደመሩን ቤት ውስጥ ጨርሰህ ና። ቡና የሚል ገጽ ካለህ የሚፈላ ጀበና ይኑርህ። ይህን ካላደረግክ የጥንቱን ትሕትና ይዘህ ከገጽህ ሁሉ ሁለቱን ብቻ አስቀር፤ ጥብስና ፍርፍር። አንቀየምህም።

ለቅዳሜው ማርክህን ጠይቄልህ ነበር። «ኢንኮምፕሊት» አለችኝ። ያ ቤት ውስጥ ተመልሳ እንደማትገባም ነግራኛለች፤ ተማሪዎቿ ደግሞ ሰኞ ዕለት ከወትሮው በላይ ጸጥ ብለው ነው የተማሩላት፤ ያ ነው ያናደዳት።

መልስ የምትጽፍልን ከሆነ ቫትና ሰርቪሱን ጨምረህ ጻፈው።

ከሰላምታ ጋር
በእጃችሁ የነበረችው መያዣ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለወጥ ቤቱ፤ ሜኑው ላይ ምን እንደተጻፈ እንዲያውቁት ያህል