አፉን እስኪፈታ

ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት አንድም ቃል አልነበረውም። ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ፍሪጅ ድረስ ይጎትተኛል፤ ካልገባኝ መሬት ላይ ተዘርግቶ ያለቅሳል። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደውዬ ስነግራት «ወንድምሽም እኮ አፉን የፈታው ሦስት ዓመት አልፎት ነው። ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ተዪው ይደርሳል» አለችኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቅዳሴ በኋላ ያማከርኳቸው እናቶችም ያሉኝ ያንኑ ነው። አንዷ ብቻ ጠጋ ብላ «ለሐኪሙ እንዳትነግሪ፤ አንዴ ፋይሉ ላይ ከገባ አይወጣለትም» አለችኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሰማኋቸው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ስድስት ወር ነው።

የሚቆጨኝም ሜሪላንድ ውስጥ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ንግግሩ ወይም እድገቱ ካሳሰበ ወላጅ ራሱ ስልክ አንስቶ ወደ ካውንቲው የጨቅላ ሕፃናት ፕሮግራም (Infants and Toddlers) መደወል እንደሚችል በኋላ ስላወቅሁ ነው። የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ምዘናውም አገልግሎቱም በነጻ ነው። ጥቆማው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተመዝኖ፣ ወላጅ ባለበት እቅድ መውጣት አለበት። ቨርጂኒያ ላሉት ምዘናው ነጻ ሆኖ አገልግሎቱ ላይ እንደ ቤተሰቡ አቅም ክፍያ ሊኖር ይችላል። ይህ የማንም ችሮታ አይደለም። አሜሪካ የአካል ጉዳተኛ ልጆችን የመማር መብት በ1975 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ደነገገች፤ በ1986 ደግሞ ገና ላልተራመዱት ጨቅላዎች ጭምር አሰፋችው። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ኃላፊነቱ በአብዛኛው ወደ ትምህርት ቤቶች ይተላለፋል። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ ደጄ ላይ አስቀምጬ ነው «ይደርሳል» እያልኩ የተቀመጥኩት።

በመጨረሻ ደወልኩ። መጀመሪያ ጆሮውን አስመረመሩት፤ ይሰማል። ከዚያ ስፒች ቴራፒስቷ (የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ) ማክሰኞ ማክሰኞ ቤታችን መምጣት ጀመረች። እኔ የጠበቅሁት ነጭ ጋውን ለብሳ ምላሱን የምታይ ሐኪም ነበር። የመጣችው ግን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ያወጣችውም አንድ ብልቃጥ የሳሙና አረፋ ነው። አንዴ ነፋችው። ልጄ እየሮጠ አፈነዳው፣ ሳቀ። ክዳኑን ገጥማ ብልቃጡን ፊቷ አጠገብ ይዛ ዝም አለች። ልጄ አያት። ዝም። እጇን ጎተታት። ፈገግ ብላ ጠበቀችው። እኔ አላስቻለኝም፤ «ልንፋልህ?» ልል አፌን ስከፍት በእጇ «ቆይ» አለችኝ። በልቤ እስከ አስር መቁጠር እንዳለብኝ የነገረችኝ በኋላ ነው። ለካ ልጄ ሳይጠይቀኝ ሁሉን እያቀረብኩለት፣ የሚናገርበትን ቦታ የምሞላበት እኔው ራሴ ነበርኩ።

ልትወጣ ስትል «ደግመሽ ንፊልኝ ለማለት በእናንተ ቋንቋ አጭሩ ቃል ምንድን ነው?» አለችኝ። «ጨምሪ» አልኳት። ስትሞክረው «ቸምሪ» ሆነባት፤ ለእሱም እንደሚከብደው ገባኝ። «ደሞ» አልኳት። በራሷ ፊደል ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ፣ ዥዋዥዌ ላይ፣ ደረጃ ላይ «ደሞ?» እያልኩ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። በሰባተኛው ሳምንት ገላውን ሳጥበው በኩባያ ጀርባው ላይ ውሃ አፍስሼ ቆምኩ። «ደሞ» አለ። ውሃውን ረሳሁት፤ ልብሴ እስኪረጥብ እንደ ታቀፍኩት ቀረሁ።

የመጀመሪያ ቃሉ አማርኛ መሆኑን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት አንድ ክሊኒክ ውስጥ «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ተብለን ነበር። ሁለት ወር ሞከርነው። ቤታችን ጭር አለ። ባለቤቴ ልጁን ሊያባብለው ይነሳና ቃሉ ጠፍቶበት ይቀመጣል። እኔ ማቆላመጡ፣ መቆጣቱ፣ እሹሩሩው በእንግሊዝኛ አልመጣልኝ አለ። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከንግግር እንደማያስቀር የዘርፉ ባለሙያዎች ያውቁታል። እንዲያውም የልጁ ቃላት ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋ መደመር አለበት፤ በእንግሊዝኛ አስር፣ በአማርኛ ሃያ ቃል ያለው ልጅ የሠላሳ ቃል ባለቤት ነው። በአንድ ቋንቋ ብቻ ከመዘኑት ሃያው ይጠፋል። ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ እኛ ዘንድ ጨዋ እንደሚባልም ንገሯቸው፤ ምዘናው ላይ «ዓይን አያይም» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እንግሊዝኛ ውስጥ የሉም፤ ልጁ በትክክል ያላትን «ጠጣ» አማርኛ የማያውቅ ሰው ስህተት ሊላት ይችላል።

ስለ ቤታችን ሌላም የታዘብኩት አለ። እኔ ሌሊት፣ ባለቤቴ ቀን እንሠራለን፤ አንዳችን ሁልጊዜ እንቅልፍ ላይ ነን። ልጁ የሚውለው ከታብሌት ጋር ነበር። የዘገየው በዚህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ልጅ እናቱ ምንም ሳታጎድልበት ይዘገያል፣ ኦቲዝምም በአስተዳደግ አይመጣም። ግን እኔ ያደግሁበት ግቢ ስድስት ቤት ነበረው። ማንም ተቀምጦ «ይህ ማንኪያ ነው» ብሎ አላስተማረኝም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ግን ወሬ ነበር። የቡና ወሬ፣ የልጆች ጭቅጭቅ፣ ማታ ማታ «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ»። ታብሌት ያወራል እንጂ ተራህ ነው ብሎ አይጠብቅም።

ባለፈው ገና አገር ቤት ሄጄ ኮተቤ የአክስቴ ልጅ ቤት ሦስት ቀን አደርኩ። ልጇ አምስት ዓመቱ ነው፣ አይናገርም። ግቢው በሰው የተሞላ ነው፤ ወሬ አልጎደለበትም። ሰፈሩ ያለው መዋለ ሕፃናት «ሲናገር አምጪው» ብሎ መልሷታል። ሌላው ተቀብሎት በሁለተኛው ሳምንት «ሌሎቹን ይረብሻል» አላት። ጆሮውን አስመርምራዋለች። ጠበል አመላልሳዋለች። «እንጥሉ ነው፣ አስቆርጪው» ያሏትን ግን እምቢ ብላለች፤ በዚህ አከበርኳት። «እምነቴን አልተውኩም እህቴ፤ ግን የሚያስተምረውም ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ። አንድ በግል የሚሠራ ባለሙያ አግኝታ ነበር፤ የወሩ ክፍያ የደመወዟን ግማሽ ሲወስድባት በሦስተኛው ወር አቆመች።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምናን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ባለሙያዎቹ እጅግ ጥቂት ናቸው። በሩን መጀመሪያ የከፈቱት ወላጆች መሆናቸውም አይረሳ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው፣ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏቸው፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ልጅን ደብቆ ማሳደግ በተለመደበት ጊዜ ስለ ራሳቸው ልጅ በአደባባይ ተናገሩ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ይህንኑ ሲናገሩ ኖሩ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ጥረት የቆመ ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች፤ ተራ እየጠበቀች ነው።

ኮተቤ ላይ ጎረቤቶቿ «አይዞሽ፣ ይደርሳል» ሲሏት አልተናደድኩም። ሌላ የሚሰጣት ነገር ለሌላት እናት የሚሰጥ ማጽናኛ ነው። ያው ቃል ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ፣ ስልክ በእጃችን ይዘን ሲነገር ግን ልጅን ያስቀራል። «ስም ይለጠፍበታል» እንላለን። ባለሙያ ስም ያልሰጠው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ስም ሳይወጣለት አይቀርም፤ ባለጌ ይባላል፣ ሰነፍ ይባላል፣ ከዚያም የከፋ። «መንግሥት ልጆቻችንን ይወስድብናል» የሚለውም ፍርሃት እኔ ቤት ነበረ። የመጣችው ግን አረፋ የምትነፋ ሴት ናት።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ በረንዳው ላይ በኩባያ ውሃ የዕቃ ሳሙና በጥብጬ በስትሮ ነፋሁለት። ልጁ የያዘውን ቆርኪ ጥሎ መጣ። ኩባያውን በመዳፌ ከድኜ ጠበቅሁት። «ኧረ ንፊለት፣ ያሳዝናል!» አለችኝ የአክስቴ ልጅ። እንድትጠብቅ በዓይኔ ለመንኳት። ልጁ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከኩባያው ላይ አነሳቸው፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ድምፅ አልወጣውም። እኔ ግን ጠየቀኝ ብዬ ነፋሁለት። አራት ጊዜ ደጋገምነው። በአምስተኛው እናቱ ኩባያውን ተቀበለችኝና በመዳፏ ከደነችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እስከ አስር እየቆጠረች ነበር።