አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ፒያሳ ላይ የእግረኛው መንገድ ሰፋ ካለ ወዲህ ማኪያቶዬን ይዤ የሰው አረማመድ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ዓይኔ የሚቀድመው ታዳጊዎቹ ላይ ነው፤ በተለይ የሚያነክሱት ላይ። ምክንያት አለኝ።

የእህቴ ልጅ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ቁመቱ ድንገት የተመዘዘ፣ ሰውነቱም ሞላ ያለ ልጅ። «ጉልበቴን» እያለ ማነከስ ጀመረ። ኳስ ነው ተባለ። ወለምታ ነው ተባለ። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ታሸ። አልሻለው ሲል አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ጉልበቱን ራጅ ተነሣ፤ «ምንም የለውም» ተብሎ ማስታገሻ ይዞ ተመለሰ። እውነታቸውን ነው፣ ጉልበቱ ምንም አልነበረውም። ችግሩ ዳሌው ላይ ነበር። ይህን ለማወቅ ሦስት ወር ፈጀብን።

ዳሌና ጉልበት የሚጋሩት ነርቭ አለ። ስለዚህ የዳሌ ሕመም ብዙ ጊዜ ጭን ወይም ጉልበት ላይ ይሰማል። ልጁም ይሳሳታል፣ እናቱም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

የጭን አጥንት አናት ላይ ድቡልቡል ራስ አለ። የዳሌ ጉድጓድ ውስጥ የሚሽከረከረው እሱ ነው። ልጅ አድጎ እስኪጨርስ ይህ የአጥንት ራስና ከሥሩ ያለው የአጥንቱ አንገት የሚገናኙበት ቦታ ገና አልጠነከረም። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ቁመት ሲፈጥንና ክብደት ሲጨምር፣ የአጥንቱ ራስ ልክ እንዳልተገጠመ የመሶብ ክዳን ሸርተት ሊል ይችላል።

ቶሎ ከተደረሰበት በትንሽ ቀዳዳ አንድ ብሎን ይገባና ባለበት ይያዛል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በክራንች። ብዙ ከተንሸራተተ በኋላ ግን አጥንቱን ቆርጦ፣ አቅጣጫውን አስተካክሎ፣ በብረት ማሰር ሊያስፈልግ ይችላል። የኛ ልጅ የደረሰው እዚህኛው ላይ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ድንገት ተንሸራቶ መርገጥ ሲያቅት ነው። ያኔ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥና አጥንቱ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ሳያድር ሆስፒታል መግባት አለበት።

ወጌሻን አልንቅም። የኔን የእጅ አንጓ የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። እየሸሸ ያለ ዳሌን ማሸትና መጎተት ግን ነገር ማባባስ ነው።

እኔ የምለው፣ ታዳጊ እያነከሰ «ጉልበቴን» ብሎ ሲመጣ ዳሌው ሳይታይ አይሸኝ። ለሁሉም ራጅ ይታዘዝ አላልኩም። መጀመሪያ አስተኝቶ፣ ጉልበቱን በቀስታ ወደ ደረቱ አጥፎ ማየት ይቻላል። እግሩ ወደ ውጭ እየዞረ የሚሄድ ከሆነ ያኔ ራጅ። እሱም ከፊት ብቻ አይበቃም፤ ጀማሪ መንሸራተት ከፊት ሲያዩት ይደበቃል። ጉልበቶቹን ወደ ውጭ ከፍቶ ሌላ መነሣት አለበት። ሁለቱም ዳሌ ይታይ፣ ደህነኛውም ሊከተል ይችላልና። ለዚህ የሚወጣው ብርና ደቂቃ እህቴ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ካሳለፈችው ሌሊት ጋር አይወዳደርም።

ልጁ አሁን ይራመዳል። የአንዱ ጫማ ሶል ብቻ ወፈር ይላል። በቀደም ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ አብረን ስንወጣ መሐል ላይ ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«ጉልበቴን» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።