ጄሉስ ውሃ ይሁን፤ ደረቁ ፋሻ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ ቁስል እንክብካቤ በተደረገ ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ ሐኪም፣ ከባሕር አልጌና ከሸርጣን ዛጎል የሚሠሩትን መድኃኒት አዘል ጄሎች በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰናበቷቸው፦ «አብዛኛው ውሃ ነው፤ ለውሃ ገንዘብ አናወጣም፤ ርካሹ ደረቅ ፋሻ ይበቃናል።» አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አዎ፣ ውሃ ነው። ቁም ነገሩም ያለው እዚያው ውሃው ላይ ነው። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባሳተመው ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ ለበሰ። («ቁስሉ አየር ያግኝ» የሚሉን ሰዎች ይህን ስንት ጊዜ ይስሙት?) አዲስ የቆዳ ሕዋሳት ከዳር ወደ መሃል የሚሳቡት በእርጥብ ነገር ላይ ነው፤ የደረቀ ቅርፊት ሲጋረጥባቸው ከሥሩ መንገድ እየፈለጉ ይዘገያሉ። ደረቅ ፋሻ ደግሞ ይብሳል። እዡን መጥጦ ይደርቃል፣ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል፣ ሲነሳም ሊጠግግ የጀመረውን ለጋ ሥጋ ይዞ ይነሳል። በማግስቱ እንደገና እንዲሁ። ቁስልን በየማለዳው ማቁሰል ሕክምና ተብሎ፣ የሚያስቀው ውሃው ሆነ!

ደግሞም ውሃው ባዶውን አልተቀመጠም። ከአልጌው የሚገኘው የአልጂኔት ወይም ከሸርጣን ዛጎሉ የሚገኘው የካይቶሳን ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደ መረብ አቅፈውታል፤ መድኃኒቱ ያለው በዚያ መረብ ውስጥ ነው። ተራ ቅባት በእዥ ታጥቦ ሲሄድ፣ በደንብ የተሠራ ጄል ግን መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ነገሩ የቤተ ሙከራ ሕልምም አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቤካፕለርሚን የተባለውን የእድገት ፕሮቲን ለስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ፕሮቲኑን የተሸከመውም ከሴሉሎስ የተገኘ ጄል ነው። አንጋፋው ሐኪም ይህን አልሰሙም ማለት ይከብደኛል።

እዥ የሚያጎርፍ ቁስል ላይ ውሃ የጠገበ ጄል እንደማይመች አውቃለሁ። ለእርሱ ደረቅ የአልጂኔት ንጣፍ አለ፤ ካልሲየሙን ከእዡ ሶዲየም ጋር እየተለዋወጠ እዚያው ጄል ይሆናል።

«ርካሽ» የተባለው ፋሻስ በስንት ቅያሪ፣ በስንት የነርስ ሰዓት ተባዝቶ ነው ርካሽ የሆነው? ሂሳቡን ያቀረበ አልነበረም። ቀልዱ ግን ቀርቧል። እስኪ ያው ቀልድ ፋሻ በሚነሳለት የቃጠሎ ታካሚ ፊት ይደገም።